በመናገሻ ሱባ ደን የጥዱ ልጆች የት አሉ?

የሁለት ልጆች አባት — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ሁለቱን ልጆቼን ይዤ መናገሻ ሱባ ደን ውዬ መጣሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ደኑ ያለበትን የወጨጫን ተራራ ከከተማው በስተ ምዕራብ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ደኑን ግን ስረግጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሰበታ ተገንጥለን የአፈሩን መንገድ ስንይዝ ልጆቹ መሰላቸት ጀምረው ነበር። ደኑ ውስጥ ከመኪና ስንወርድ ሁለቱም ጸጥ አሉ። ቅዝቃዜው፣ የጥዱ ሽታ፣ ከላይ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ የሚወረወሩት ጉሬዛዎች፣ ነጭ ጭራቸው እንደ ነጠላ ጫፍ ሲንሳፈፍ። አንዱን ጥድ ሦስታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፈው ሞከርን፤ አልደረስንበትም።

ያስጎበኘን ወጣት ደኑ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ የቆየ እንደሆነ ነገረን። የስምንት ዓመቷ ልጄ አንገቷን ቀና አድርጋ ስታይ ቆየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ መሬቱን ስትመረምር ቆየች። በመጨረሻ «አባዬ፣ እነዚህ አያቶቹ ከሆኑ ልጆቹ የት አሉ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኔም ጎንበስ ብዬ ፈለግሁ። ቁጥቋጦ አለ፣ ሐረግ አለ፣ ስሙን የማላውቀው ብዙ ችግኝ አለ፤ ከነዚያ ግዙፍ ጥዶች ሥር አንድ የጥድ ችግኝ እንኳ አላገኘሁም። ጥያቄው ከትናንት ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። ይህን ያህል ዘመን የቆየ ደን እንዴት ልጅ አይኖረውም? ሰው ነው ያጠፋው ወይስ ተፈጥሮው ነው? የምታውቁ አስረዱኝ፤ ለልጄ እውነተኛውን መልስ ልሰጣት እፈልጋለሁ።

መንገደኛ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጥያቄህን የሚመልሱ ይመጣሉ፤ እኔ ለሌሎች አንባቢዎች አንድ ነገር ላስታውስ። መናገሻ ሲባል ሁለት ቦታ እየተምታታ ሰው በከንቱ ይደክማል። በአምቦ መንገድ ላይ መናገሻ ከተማ አለች፤ አጠገቧም መናገሻ ተራራና መናገሻ ማርያም አሉ። ደኑ ያለው ግን በወጨጫ ተራራ ምዕራባዊና ደቡባዊ ጎን ነው፤ የተለመደው መግቢያም በጅማ መንገድ ሰበታ ደርሶ መገንጠል ነው። ዝቅ ያለ መኪና የያዛችሁ በክረምት አትሞክሩት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ጭቃው ጎማ ይውጣል።

ታሪክ አንባቢ — እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡20

ወንድሜ፣ ልጅህ ትልቅ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። ስለ ችግኙ አላውቅም፤ ስለ አያቶቹ ግን ልጨምር።

ትውፊቱ የሚለው ይህን ነው፦ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተራራውን መራቆት አይተው፣ ከሰሜን ሸዋው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ፤ እንዲጠበቅም አዘዙ። በዚህም የተነሳ በአፍሪካ በመንግሥት ትእዛዝ ከተጠበቁ ደኖች ቀደምቱ አንዱ ይባላል። ይህ ማለት ግን ዛሬ የምናየው እያንዳንዱ ዛፍ በንጉሡ ዘመን የተተከለ ነው ማለት አይደለም። የደኑ ዕድሜና የዛፉ ዕድሜ ይለያያሉ። ዛፍ ይወድቃል፣ ሌላ ይተካል፤ ደኑ ይቀጥላል። ለዚህ ነው የልጅህ ጥያቄ ያስደነገጠኝ፤ ተተኪ ከሌለ መቀጠሉ ይቆማል።

እኔን ዘወትር የሚገርመኝ ደግሞ ቦታው ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሠራዊቱና ነዋሪው ለማገዶና ለቤት ሥራ በዙሪያው ያለውን ዛፍ ጨረሰው። ችግሩ ጸንቶ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው በዚያ ግንባታ አስጀምረው ነበር። በኋላ ባሕር ዛፍ ደርሶ አዲስ አበባን ባለችበት አቆያት፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እንግዲህ ካርታ አውጥታችሁ ተመልከቱ፦ ወጨጫ ያለው እንጨት ጨርሳ በተቸገረችው ከተማና ልትተካት በታሰበችው ከተማ መካከል ነው። በዚያ የማገዶ ረሃብ ዘመን በሁለቱ መሃል ጥድና ዝግባ ይዞ መትረፉን ሳስብ፣ በየዘመኑ የጠበቁትን ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች አመሰግናለሁ።

ጡረተኛ የደን ባለሙያ — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ጥያቄውን ማታ አንብቤ እንቅልፍ ነሳኝ፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስመላለስበት የኖርኩት ጉዳይ ስለሆነ ነው። በትዕግሥት አንብበኝ።

መጀመሪያ ለልጅህ እንዲህ በላት፦ የጥድ ልጅ ከእናቱ ሥር አያድግም። ጥድ ፀሐይ የሚወድ ዛፍ ነው። ዘሩ በጥላ ውስጥ ቢበቅል እንኳ ብርሃን አጥቶ ይመነምናል፤ ቁጥቋጦውም ይውጠዋል። በገላጣ ቦታ፣ ዛፍ በወደቀበት፣ እሳት ባለፈበት፣ በደኑ ጠርዝ ላይ ግን ቀድሞ የሚነሳው እርሱ ነው። ስለዚህ ቀጥ ያሉ፣ ተቀራራቢ ውፍረት ያላቸው ጥዶች በአንድነት ቆመው ካየህ፣ ያ መሬት አንድ ጊዜ ገላጣ እንደነበረ ይነግሩሃል። ታሪክ አንባቢ የጻፉት ትውፊት ከዚህ ጋር አይጋጭም። የንጉሥ እጅ ይትከለው ወይም ወፍ፣ ዛፉ ሲጀምር ከላዩ ሰማይ ነበረው።

ሁለተኛ፣ ስሙን የማላውቀው ችግኝ ያልከው ቀላል ነገር አይደለም። ከእነዚያ መካከል ወይራ፣ ዝግባ፣ ጥቁር እንጨት ይኖራሉ። ዝግባ በልጅነቱ ጥላ ይችላል፤ ከጥዱ ሥር ቀስ ብሎ አድጎ አንድ ቀን ቦታውን ይረከባል። እንግዲህ በደኑ መሃል የጥዱ ወራሾች ልጆቹ አይደሉም፣ ጎረቤቶቹ ናቸው። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው፤ ሊያስለቅሰን አይገባም።

ሌላም ልንገርህ፤ ልጅህ የምትወደው ይመስለኛል። ጥድ ሴቴና ወንዴ አለው። ሴቴዋ ወደ ጥቁርነት የሚያደላ ሰማያዊ፣ አመድ የተነፋበት የሚመስል ትንንሽ ፍሬ ትይዛለች፤ ወንዴው ፍሬ የለውም። ዝግባም እንዲሁ ነው፤ ኮሶም እንዲሁ። ኮሶውን ከፍ ብለህ ስትወጣ ታገኘዋለህ፤ የሴቴዋ አበባ ወደ ቀይነት ያደላል፤ እናቶቻችን ለመድኃኒት የሚለቅሙት እርሱን ነበር። ከኮሶው በላይ አምጃና አስታ፣ ወደ ጫፉ ጅብራ። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከዝግባ ተነሥተህ ጅብራ ዘንድ ትደርሳለህ።

ወደ ሐዘኑ ልመለስ። የጥዱ ልጆች ቦታ የደኑ ጠርዝ ነው ብያለሁ። ጠርዙ ዛሬ ምን ላይ ነው? እርሻ አለ፣ ግጦሽ አለ፣ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ የተተከለበት አለ። ጥድ በተፈጥሮው ወደ ገላጣው እየወጣ፣ ዝግባው ከኋላው እየተከተለ፣ ደኑ በዝግታ ይራመድ ነበር። አሁን የሚራመድበት ቦታ የለውም። ችግኙ በጠርዙ ይበቅላል፤ ከብት ይረግጠዋል፣ ማጭድ ከሣሩ ጋር ያጭደዋል፣ የደረሰውን ደግሞ ለገና ጫፉን ቆርጠው ወደ ከተማ ያመጡታል። በየመንገዱ ዳር ለገና የምንገዛው ጥድ ከየት እንደሚመጣ ጠይቀን እናውቃለን? እኔ ቤት ጥድ አይገባም። ልጆቼም ለምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ደን ይጠበቅ — ሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡30

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት። ከዚህ በላይ ግልጽ መልስ አይገኝም።

መፍትሔውም ግልጽ ነው፦ ጠርዙን ማጠር። ከብትም፣ ለቃሚም፣ ማጭድም እንዳይገባ። እኔ ባለፈው ጥር ስሄድ ሴቶች ወገባቸው እስኪጎብጥ ተሸክመው ከደኑ ሲወጡ አይቻለሁ። ያ ሁሉ እንጨት በየቀኑ እየወጣ ደን አለን ማለት አንችልም። ዘርዓ ያዕቆብ ያዘዙት እንዲጠበቅ ነው፤ በልመና የተጠበቀ ደን የለም። ጠንካራ ሕግና ጠንካራ ጠባቂ ያስፈልጋል።

ከጅረቱ ማዶ — ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡10

ደን ይጠበቅ፣ ወንድሜ፣ ወገባቸው ጎብጦ ያየሃቸው ሴቶች መካከል እናቴ ልትኖር ትችል ነበር። እኔም ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ከኋላዋ ተከትዬ ተሸክሜአለሁ። ስለዚህ እኔም ልናገር።

እናቴ እርጥብ ቆርጣ አታውቅም። ከፍርሃት ብቻ አይደለም፤ እርጥብ ይከብዳል፣ ይጨሳል፣ ገበያም የለውም። የሚለቀመው የወደቀ ጭራሮ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥተን፣ ለቅመን፣ አስረን፣ ሰበታ ገበያ አውርደን ሸጠን፣ በዚያው ጨውና ጋዝ ገዝተን እንመለሳለን። ደብተሬም የተገዛው በዚያ ነው። በሌሊት መጥረቢያና መጋዝ ይዞ የሚገባ ሌላ ሰው ነው፤ በሸክም አይወጣም፣ በመኪና ነው የሚወጣው። ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉብን።

ስለ ጠርዙ ጋሼ የጻፉት እውነት ነው፤ አነበብኩት፣ ለእናቴም አነበብኩላት። ነገር ግን ጠርዙ የእኛ ደጅ ነው። ባሕር ዛፍ ለምን እንደምንተክል ልንገራችሁ። በአምስት በስድስት ዓመት አጣና ሆኖ ይሸጣል፤ የጎረቤቴ የቤቷ ቆርቆሮ የመጣው ከእርሱ ነው። ጥድ የዘራ ሰው ሲሸጥ አያይም፤ ልጁም ላያይ ይችላል። ጥድ እንድናሳድግ የምትፈልጉ ከሆነ ለዚያ ሁሉ ዓመት የምንበላውን አብራችሁ አስቡ።

ጥድን ደግሞ እንወደዋለን። የአጥር እንጨት ሲሆን ምስጥ አይበላውም፤ አያቴ ያቆመው ምሰሶ ዛሬም ቆሟል። የወይራ ጭስ ያልገባው የወተት ዕቃ በቤታችን የለም። የምንጠጣው ውኃ ከደኑ ነው የሚወርደው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደኑን በዓመት አንድ ጊዜ ያየዋል፤ እኛ ሌሊት ጅቡን እየሰማን፣ ቀን ዝንጀሮውን ከገብሳችን እያባረርን አብረነው እንኖራለን። ስለ ደኑ ሲወራ ሁልጊዜ ለቃሚ ተብለን ብቻ መጠራታችን ያማል።

ደን ይጠበቅ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡45

እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የጻፍኩት በንዴት ነው፤ የጻፍሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጋዝ ይዞ የሚገባውንና ጭራሮ የምትለቅመውን አንድ ላይ መደመሬ ስሕተት ነው።

አንዱን ሐሳቤን ግን አልለቅም። ከብቱስ? ጋሼ እንዳሉት ችግኙን የሚረግጠው እርሱ ነው። በዚያ ላይ ምን ይደረግ ትያለሽ?

ከጅረቱ ማዶ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ስለ ከብቱ፦ በእኛ መንደር አንዳንድ ሰው ሣሩን እያጨደ ቤት ውስጥ ማብላት ጀምሯል። ከደኑ ሣር አጭዶ እንዲወስድ የተፈቀደለት ሰው ከብቱን ወደ ደኑ አይነዳም፤ ልፋቱም ይቀንሳል። አጫጁ ችግኝ እንዲለይ ማድረግ ነው የሚቀረው። አጥር ከመጣ ደግሞ በሩ የማን ነው? ጥያቄዬ ይህ ነው።

ናይሮቢ ያለሁ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስለ አጥርና በር ካነሣችሁ፣ እዚህ የማየውን ላካፍላችሁ። ናይሮቢ ከተማ ውስጥ ካሩራ የሚባል ደን አለ፤ ከ1,000 ሄክታር ትንሽ ከፍ ይላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መሬቱ ለግለሰብ ግንበኞች ሊታደል ተይዞ ነበር። ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ዋንጋሪ ማታይ በጥር 1999 ከደጋፊዎቻቸው ጋር ችግኝ ሊተክሉ ሄደው ተደብድበዋል፤ ደማቸው ፈስሷል። ደኑ ግን ተረፈ። እርሳቸው በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

ዛሬ ካሩራ አጥር አለው። አጥሩ ሲሠራ የፈራ ነበር፤ ሰው ይከለከላል ተብሎ። ነገር ግን ከደኑ ጋር የሚዋሰኑ የችግረኛ ሰፈሮች ሰዎች ጥበቃውና የችግኙ ሥራ ውስጥ ገቡ፤ ጎብኚው የሚከፍለው የመግቢያ ገንዘብም ደኑን ያስተዳድራል። ቅዳሜ ብትሄዱ የሚሮጠው፣ ብስክሌት የሚነዳው፣ ልጅ የያዘው ሰው ብዛት ያስገርማል። ቀድሞ ብቻውን ሰው የማይገባበት አስፈሪ ቦታ ነበር ይሉኛል።

ወጨጫ ካሩራ አይደለም፤ ከከተማ ይርቃል፣ በዙሪያው ያለው ገበሬ ነው። ነገር ግን «በሩ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚህም ነበር፤ መልሱም በአጥሩ ብረት ውስጥ አልነበረም፤ በበሩ የሚቆመው ሰው ከየት መጣ በሚለው ነበር።

ወፍ ተመልካች — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡20

የተረሱ አትክልተኞች አሉ፤ እነርሱን ላንሣ። የጥዱን ፍሬ የሚያደርሱት ወፎች ናቸው። በመናገሻ ሱባ ጉንጩ ነጭ፣ ገላው አረንጓዴ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደም የመሰለ ቀይ የሚያሳይ ረጅም ጭራ ወፍ አለ። ሲበር ካላያችሁት ቀዩን አታዩትም። የጥድም፣ የዝግባም፣ የወርካም ፍሬ ይበላል። ሥጋውን ፈጭቶ ዘሩን ሌላ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ይጥለዋል።

ስለዚህ ለልጅህ ፍለጋ አንድ ፍንጭ፦ የጥድ ችግኝ ካልተገኘ ከትልቁ ጥድ ሥር አትፈልጉ። በገላጣው ላይ ብቻውን የቆመ ወይራ ወይም ሌላ ዛፍ ፈልጉና ከሥሩ፣ በተለይ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ተመልከቱ። ወፉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ የጋጋኖውን ጩኸትና የግንደ ቆርቁሩን ምት ትሰማላችሁ፤ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን ትልቅ መንቁር ቁራም አታጡትም። ጥቁሩን የምኒልክ ድኩላ ለማየት ግን ዝም ማለት ያስፈልጋል፤ ልጆቹን አለማምዷቸው።

የሁለት ልጆች አባት — ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መልሳችሁን ለልጄ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ስለ ሴቴና ወንዴው ጥድ ስትሰማ ደብተር አወጣች። ትናንት ተመልሰን ሄድን፤ በዚህ ጊዜ ታናሽ ወንድሟን እርሷ ነበረች የምታስጎበኘው።

ወደ መሃል አልገባንም። በጠርዙ፣ ሣሩ በሚጀምርበት በኩል ሄድን። ብቻውን የቆመ ወይራ አገኘን። ልጄ በጉልበቷ ተንበርክካ በጸሐዩ በኩል ፈለገች፤ ብዙ አልቆየችም። ሰባት ቆጠረች። እኔ አምስት ብቻ ነበር ያየሁት፤ ሁለቱ ሣር ውስጥ ተደብቀው ስለነበር በጣቷ ገልጣ አሳየችኝ። ትልቁ ወደ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ትንሹ ከጣቷ አይበልጥም። ወንድሟ እንዳይረግጣቸው ዙሪያቸውን ድንጋይ ደረደረች።

አንድ ነገር አዝናለች። የትልቁ ጫፍ ተቆርጧል። ከብት የቀነጠሰው አይመስልም፤ ቆረጣው ልክ የቢላዋ ነው። ጋሼ፣ ይህ ችግኝ ይሞታል? በመንገዱ ሁሉ ስትጠይቀኝ ነበር፤ እርስዎን እጠይቃለሁ ብያታለሁ።

ከጅረቱ ማዶ፣ እህቴ፣ ቦታው ከእናንተ መንደር ይርቅ ይሆን? ወይራው ያለው ከአፈሩ መንገድ በስተግራ፣ ትንሿን ጅረት ከመሻገራችን በፊት ነው።

ከጅረቱ ማዶ — እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡00

ወይራውን አውቀዋለሁ። ሸክም ይዘን ስንወርድ የምናርፍበት ዛፍ ነው፤ እናቴ አንድ ቀን ዝናብ ይዟት ከሥሩ አድራለች። ከሥሩ ጥድ እንዳለ ግን አላየሁም፤ ሸክም የያዘ ሰው መሬት የሚያየው እግሩን ለማስቀመጥ ነው። ድንጋዩን የደረደረው የማን ልጅ ነው ብለው እረኞቹ ሲጠይቁ ውለዋል አሉኝ። ለአጎቴ ልጆች ነግሬአቸዋለሁ፤ ነገ ከብት ሲያሰማሩ የግራር እሾህ ከላዩ ያኖሩበታል።

ጡረተኛ የደን ባለሙያ — እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡25

ለልጅህ አይሞትም በላት። የጥድ ጫፍ ሲቆረጥ ከአናቱ ቅርብ ካሉት የጎን ቅርንጫፎች አንዱ ቀስ ብሎ ቀና ይልና የጫፉን ቦታ ይይዛል። ሁለት እኩል ቀና ካሉ ግንዱ መንታ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ደካማውን ማንሣት ነው። ነገር ግን አሁን እጅ አትንኩት፤ እሾሁም እንዳይጫነው ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የመስከረሙ ጭቃ ሲደርቅ፣ በጥቅምት ሂዱና የትኛው ቅርንጫፍ እንደቀና አይታ በደብተሯ ትሳለው።